የጧፍ ሰም የነካው ጉንዳን

ወረታ፣ ሰኔ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልብ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስልህ ያ ደረትህስ? እኛ ደህና ነን። አባቴ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን ይላሉ እንጂ ለማኅሌት ሲቆሙ ጉልበት እንዳላቸውም ትዝ አይላቸውም። እናቴ አመተ ሥላሴ አንገቱን ስመህ ጻፍልኝ ብላለች፤ አንገት በደብዳቤ እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም። አባትህም እናትህም ደህና ናቸው። እናትህ የልብስ ስፌት መኪናህን በነጠላ ሸፍነው አቧራ ያረፈ በመሰላቸው ቁጥር ያራግፉታል። ፎገራ ዝናብ ጀምሯል፤ ትንሽ ቆይቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን ከብቱ ሁሉ ወደ ደረቅ መሬት ይሰደዳል።

ከግንባር ትልከው የነበረው ደብዳቤህ ከየካቲት ወዲህ ቀርቷል። እኛም ፖስታ ቤቱን እየረገምን እንጽናናለን።

ዛሬ የምጽፍልህ ልናዘዝ ነው። ለነፍስ አባቴ እንዳልናዘዝ እሳቸው ከአባቴ ጋር አንድ ዋንጫ ናቸው፤ ከአንዱ ጆሮ የገባው ከሌላው አፍ ይወጣል። ስለዚህ አንተ ስማኝ። ሠላሳ ዓመት የዘለቀ ወዳጅነት አፍርሼ ነበር። አባቴንና አባትህን አጣላኋቸው። ያጣላኋቸውም በአንዲት ጉንዳን ነው።

የምታውቀውን መልሼ ብነግርህ አትቆጣ፤ ነገሩን ከሥሩ ካልያዝኩት ጥፋቴ አይታይም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ሱቅ ደጃፍ አብረው ሲያወሩ ይዋሉ እንጂ በአንድ መሶብ የሚቀርቡት በዓመት አንድ ቀን ነው። የእኛ ሥጋ ለእናንተ፣ የእናንተም ሥጋ ለእኛ አይሆንም። ዓሣ ግን በስመ አብም ቢስሚላህም ሳይባልበት ከውኃ ወጥቶ ራሱ የሚሞት የዋህ ፍጡር ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። ለዚሁ ሲባል ሌላ ነገር ነክቶት የማያውቅ መጥበሻ አለ፤ ስድስት ወር እናንተ ቤት፣ ስድስት ወር እኛ ቤት እንደ ክቡር እንግዳ ተሰቅሎ ይኖራል። ቀኑም የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ክንፍ ያወጣው ጉንዳን እንደ አሸን ሲፈላና ጉማራ ወንዝ ላይ እየወደቀ ሲሰጥም፣ ነጭ ዓሣ ሌላውን ምግብ ሁሉ የሚንቅበት ሰሞን ነው። ዘንድሮ ኢዳችሁ አልፎ፣ የእኛም ሐምሳው ቀን ሳይወጣ ዝናቡ ስለ መጣ፣ ተለምኖ የተሰጠ ቀን ይመስል ነበር። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ። ዓሣውን ምንጊዜም የምታመጣው አንተ ነበርህ።

አባትህ አንድ ቀን ሱቅ በራፍ ላይ ጠሩኝና፣ ዘንድሮ ዓሣው ከቀረ ልጄ የቀረ ይመስለኛል አሉኝ። ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? እሺ፣ አመጣለሁ አልኳቸው። መንጠቆ መያዝ አልችልም ብዬ መናገር ሲገባኝ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ለዓሣ ማታለያ ከክርና ከላባ ሠርተህ ትተሃት የሄድካትን አንዲት ጉንዳን ይዤ ወረድኩ። የመንጠቆውን ሸምበቆ ወደ ኋላ ባወዛወዝኩት ጊዜ ጉንዳኗ ሾላ ላይ ወጥታ ተሰቀለች። እሷን ላወርድ ሸምበቆውን አስቀምጬ ዛፉ ላይ ስንጠለጠል፣ ሸምበቆው ተንሸራቶ ውኃ ገባና ወደ ጣና ጉዞ ጀመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሉት እኔን አይተው ነው። እሱን ላሳድድ ብዬ ስሮጥ ያቺ ከዘመቻ ያስቀረችኝ አጭሯ እግሬ ድንጋይ ላይ ከዳችኝ፤ ጉማራ ውስጥ እስከ አንገቴ ተቀመጥኩ። ሸምበቆውን ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይዘው መለሱልኝ። የሳቁትን ሳቅ ግን እስካሁን አልጨረሱትም።

ስለዚህ ራሴ መሥራት ነበረብኝ። በጥር የጻፍክልኝን አውጥቼ እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋገምኩት። ጉንዳን ማለት ወገብ ነው ብለሃል፤ ከኋላ ወፍራም፣ ከፊት ትንሽ እብጠት፣ መካከሉ ቀጭን፤ ወገብ ከሌለው ጉንዳን ሳይሆን ጥንዚዛ ነው። ያ ትራክተር ጠጋኝ የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ሱሪውን ልታጠብቅለት ሲመጣ ባርኔጣው ላይ የሰካቸውን የዓሣ ማታለያ ጉንዳኖች አይተህ በአንድ እይታ የቀሰምከውን ጥበብ፣ እኔ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ልማረው ተቀመጥኩ። ጉንዳኑ መስጠም አለበት ብለሃል። የሚንሳፈፈውን ወፍ ይለቅመዋል፤ ዓሣ የሚጠብቀው ሰጥሞ ከታች የሚንከባለለውን ነው። ለዚያ ደግሞ ከክሩ በፊት መንጠቆው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል። ሽቦውን ከተቃጠለው የቀበሌ ራዲዮ ውስጥ አገኘሁ። ራዲዮኑ ለሰፊው ሕዝብ ከጠቀመ ያን ቀን ጠቀመ።

ከዚያ ጥቁር ክር አልክ፤ ክሩን በሰም እሸው አልክ። የምን ሰም እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ወገቡ ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ሁለት ዙር አዙርበት፣ ውኃ ውስጥ እንደ እግር ይንቀሳቀሳል፤ ሦስተኛው ዙር ስግብግብነት ነው አልክ። የየትኛው ዶሮ እንደሆነ ግን አልነገርከኝም።

ሰም ቤታችን ሞልቷል። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን የሚያመጧቸው የጧፍ ቁራጮች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ላባውን ደግሞ ከጓሯችሁ አገኘሁት፤ ለኢድ የታረደው ቀይ አውራ ዶሮ ላባ ነፋስ እያንከባለለው መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ። እኔም ሲሳይ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ጉንዳኔ ድንች መሰለ። ሁለተኛውን እናቴ አይታ ይህን መዥገር ከየትኛው ላም ነቀልከው አለችኝ። ሦስተኛው ጣቴ ላይ ተሰክቶ አልወጣ ብሎ፣ ክፍሉን ሙሉ እየዞርኩ የማልናገረውን ተናገርኩ። አምስተኛውን ደጃፍ ላይ ባስቀምጠው እውነተኛ ጉንዳኖች መጥተው ከበቡት። ሊቀብሩት ይሁን ሊያነጋግሩት አላውቅም፤ እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ግንቦት 13 ቅዳሜ ማለዳ፣ ከድልድዩ ወደ ላይ ውኃው በድንጋይ መካከል እየተፋጨ ከሚወርድበት ደረስኩ። ወደ ላይ ወረወርኩ። አልጎተትኩም፤ የሞተ ጉንዳን ሽቅብ አይዋኝም ብለሃልና። ውኃው እንደ ፈቃዱ ይውሰደው ብዬ ዓይኔን ክሩ ውኃ የሚገባበት ላይ ተከልኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሃያ ጊዜ ወረወርኩ። ከዚያ ክሩ ሰው የጠራው ይመስል ቀጥ አለ። አነሳሁ። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ከወዲያ ጫፍ የመጣው ኃይል ለምን ይህን ነገር እንደምትወድ አስረዳኝ! ጮህኩ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ወደቅሁ። እስከ ረፋዱ ሦስት ነጭ ዓሣ ይዤ ወጣሁ፤ ትልቁ እንደ ክንዴ ነበር። ይህ ውሸት አይደለም፤ ክንዴ ደግሞ እንደ እግሬ አጭር አይደለም።

እናትህ እኛ ቤት መጥተው በዚያ መጥበሻ ጠበሱት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀረቡ። አባትህ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቴ አጎረሱ፣ አባቴም መለሱላቸው። አንተን አነሡ፣ መረቁህ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው አይኖረኝም ነበር። ግን ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! ጉንዳኗን ከኪሴ አውጥቼ እንዴት እንደሠራኋት ልተርክ ጀመርኩ። ሽቦውን ነገርኳቸው፣ ወገቡን አሳየኋቸው፣ ክሩ እንዳይላላ በሰም ማሸቴን አብራራሁ። አባትህ የምን ሰም ነው አሉኝ። የጧፍ አልኩ በኩራት።

አባትህ እጃቸውን ሰበሰቡ። አባቴ ያኔ ዝም ቢሉ ነገሩ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀልድ መጣባቸው። እንግዲህ መሐመድአወል፣ ሳታውቀው ቅዳሴ አስቀደስክ አሉና ለብቻቸው ሳቁ። አባትህ አልሳቁም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና ላባው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ለኢድ የታረደው የቀዩ ዶሮ ነው አልኩ። አባትህም እጃቸውን እየታጠቡ፣ እንኳን አደረስዎት መሪጌታ፣ እርስዎም ዘንድሮ ኢድን አክብረዋል አሉ። አሁን አባቴ አልሳቁም።

እናቴና እናትህ ተያይተው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ግን ተነሡ። አንዱ ሃይማኖቴ ተቀለደበት አለ፣ ሌላው ክህነቴ ተናቀ አለ። ትልቁ ዓሣ እስከ ግማሹ እንደተበላ ቀረ።

ከዚያ የሆነውን ብትነግረው ማን ያምናል! በማግስቱ አባቴ መጥበሻውን አስይዘው ወደ እናንተ ላኩኝ፤ ከእንግዲህ ለእኛ አያስፈልግም በል ተባልኩ። አባትህ ተራው የእነሱ ነው ብለው መለሱኝ። አባቴ እንደገና ላኩኝ። መጥበሻ ተሸክሜ የወረታን መንገድ አራት ጊዜ ስመላለስ ሰው ሁሉ ጥብስ መሸጥ የጀመርኩ መስሎት ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አዛናው አስቁሞኝ ነገሩን ከሰማ በኋላ ሊያስታርቅ ገባ። ዓሣው የእስላምም የክርስቲያንም አይደለም፣ የሰፊው ሕዝብ ነው ብሎ አንድ ሰዓት ንግግር አደረገላቸው። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር አዛናው ነገር እንደማይገባው ብቻ ነው።

አባትህ ሱቅ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ለብቻቸው መቀመጥ ጀመሩ። አባቴም ያንን መንገድ ትተው በጓሮ ዞረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ለጉልበታቸው ሩቅ ነው። ማታ ማታ እራት አይበላላቸውም። እኔም አልበላልኝም። ያጣላኋቸው እኔ ነኝ።

እናትህ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ፤ አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። ልጄ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ይሠራው እንደነበር አታውቅም ወይ አሉኝ። ሰሙን ከአናቢ ገዝተህ በማሰሮ ታስቀምጠው ነበር አሉ። ላባውን ደግሞ አውራ ዶሮውን ቆሞ ሳለ ይዘህ፣ ከአንገቱ አንዲት ላባ መዝዘህ፣ እየጮኸ ትለቀው ነበር አሉ፤ ማንም ያላረደው ዶሮ ላባ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁህም ዝም ትል ነበር። አንተ ተንኮለኛ! ለካ ሁሉን አስበህበት ኖሯል። ዓሣውን አምጥተህ አፍህን ዘግተህ ታበላቸው ነበር። ለእኔም ሁለት ገጽ ስትጽፍ፣ መንጠቆ ከያዘው እጅ ይልቅ አፍ መዝጋት እንደሚበልጥ አንድ መስመር ብትጨምርልኝ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ባለፈው እሑድ ልመጣ ነው።

ሰኔ 5 ከቅዳሴ ተመልሰን ተቀምጠን ሳለ አባትህ በራችን ላይ ቆመው አየናቸው። በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል። ለዓሣው አይደለም የመጣሁት መሪጌታ፣ የልጄ ደብዳቤ ደርሶ ነው አሉ። እንደምታውቀው አባትህ ቁርዓናቸውን እንጂ አማርኛ አያነቡም፤ መሠረተ ትምህርት ሦስት ጊዜ ተመዝግበው የምስክር ወረቀት ሲሰጣቸው፣ ምን እንደሚል ያነበቡላቸው አባቴ ናቸው። የአንተን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡላቸው፣ መልሱንም የሚጽፉላቸው አባቴ መሆናቸውን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። እኔ ላንብብልዎ ብላቸው እንኳ እምቢ ይላሉ፤ የአንተ ንባብ እንደ እግርህ ነው ይሉኛል።

አባቴ ፖስታውን ተቀበሉ። ገልበጥ አድርገው አዩት። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ወደ ላኪው ይመለስ የሚል ቀይ ማኅተም አለበት። ከላዩ ያለውን ቁም ጽሕፈትም አወቅሁት፤ አባቴ በየካቲት ለአንተ የጻፉት መልስ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ እጅ ነው። አባቴ ፖስታውን ደግመው ገለበጡት። አባትህ ምነው አሉ። መነጽሬ ነው አሉ አባቴ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ በቢላዋ ቀደው ማንበብ ጀመሩ።

ወንድሜ፣ እንዴት ያለ ደብዳቤ ነበር! ጤናህ ሙሉ ነው። ደረትህ ማሳሉን ትቷል። የጦር ክፍልህ ሰዎች ልብስ የምትጠግንላቸው አንተ ስለሆንክ ሁሉ ይወዱሃል። ለእናትህ፣ ለእናቴ፣ ለእኔም በየስማችን ሰላምታ ነበረው። ከዚያ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ጠባችሁ ሰምቻለሁ የሚለውን አነበቡ። በየካቲት የተጻፈ ደብዳቤ የግንቦትን ጠብ ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም። አባቴ ሆይ፣ ይላል፣ ጥፋቱ የመሪጌታ ነው፤ በሰው እምነት መቀለድ አይገባቸውም ነበር፤ ሽማግሌ ናቸውና ይቅር በላቸው።

አባትህ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይህ ልጅ ስድ ሆነ፣ ለታላቅ እንዲህ አይጻፍም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። አባቴ፣ የለም፣ ልጁ እውነቱን ነው አሉ። ሁለቱም ጥፋቱ የእኔ ነው እየተባባሉ ተጨቃጨቁ፤ ሊጣሉ ነው ብዬ ስፈራ አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ሳትወጣ ብዙ ቆየች።

አባትህ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ምነው ዛሬ ዓሣ በኖረ አሉ። አባቴም ሂድና አምጣ አሉኝ። አባቴ፣ የሐዋርያት ጾም ገብቷል እኮ አልኳቸው። ዓሣ በጾም አይበላም ብለው የገዛ ደቀ መዝሙራቸውን ከደጃቸው ያባረሩ ሰው ናቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፣ አይቆጡኝም አሉኝ።

በዚያችው በጧፍ ሰምና በኢድ ዶሮ ላባ በተሠራች ጉንዳን አንድ ዓሣ አመጣሁ። በምን እንደያዝኩት ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ ትልቁን ጉርሻ አባትህን አጎረሱ፣ ራሳቸውም ቀና ሳይሉ በሉ። በጾም ዓሣ ሲበሉ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባትህ ሲሄዱ ደብዳቤውን ቢጠይቁ፣ አባቴ፣ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ ደግመን እናነበዋለን አሏቸውና ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትህ በየቀኑ ይመጣሉ፤ አባቴም ያነባሉ። ደብዳቤህ በየቀኑ ትረዝማለች። ከትናንት በስቲያ ሙቅ ካፖርት ተሰጥቶህ ነበር። ትናንት አሥር አለቃ ሆነሃል። እንዲህ ከቀጠለ ለመስቀል ጄኔራል ትሆናለህ ብዬ እሰጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የደብሬ ልጅ አንለይ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ አሥመራ ስለሚመለስ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ በየክፍሉ፣ በየሆስፒታሉ እየጠየቀ እስኪያገኝህ ድረስ ለማንም እንዳይሰጠው አስምዬዋለሁ። ከደብዳቤው ጋር ጥቁር ክርና ሁለት መንጠቆ ልኬልሃለሁ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ጻፍልን። በገዛ እጅህ ይሁን፤ በእርሳስም ቢሆን፣ በሲጋራ ወረቀት ላይም ቢሆን።

የአባትህ ዱዓና የአባቴ ጸሎት በአንድነት ይጠብቁህ። ያስነሣህ መንገድ ይመልስህ፤ ቀንህ አይጨልም፤ ከሰው ዓይን፣ ከእሳት፣ ከብርድ ይሰውርህ።

ብዙ አትቸገር፤ ሁለት መስመር ይበቃል። የቀረውን አባቴ ያነቡታል።

የማይረሳህ ባልንጀራህ